«ዶክተሯ መቼ ነው የምትጨርሰው?»

እኛ በምንኖርበት በሜሪላንድ የእሑድ አምልኮ ካለቀ በኋላ ቤታችን ቡና ይፈላል። የመጋቢ ቤት ስለሆነ መቼም በሩ አይዘጋም። በኖቬምበር 2024 አንድ እሑድ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንግዶቹ ሁሉ ሄደው አንድ ባልና ሚስት ብቻ ቀሩ። እርሷ የሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ናት። እርሱ ሌሊት ሌሊት በመኪና ማቆሚያ ይሠራል። ከተጋቡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጅ ገና አልወለዱም፤ «መጀመሪያ ትምህርቷን ትጨርስ» ብለው ነው። ስኒዎቹን ሰብስቤ ስነሣ እርሷ ጀበናውን ይዛ ተከተለችኝና ማድ ቤት ውስጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ፣ ትምህርቴን ልቀይር አስቤአለሁ» አለችኝ።

ደነገጥኩ። «ሕክምናውን ልትተዪው ነው?»

«አልተወውም። የምርምር ዶክትሬት ልጨምርበት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያሠለጥን ፕሮግራም እዚያው ትምህርት ቤታችን ውስጥ አለ።»

«ስንት ዓመት ይጨምራል?»

«አራት። ለአንዳንዱ አምስት።»

እኔም ሳልቀመጥና ምንም ሳልጠይቃት እርፍ ይዞ ወደ ኋላ ስለሚያይ ሰው የሚናገረውን ቃል ጠቀስኩላት። የጀመሩትን ስለ መጨረስ፣ የባልን ትዕግሥት ስላለመፈተን፣ በአንድ ዶክትሬት ላይ ሌላ መመኘት ትዕቢት ሊሆን ስለመቻሉ ብዙ ተናገርኩ። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝና «እሺ እትዬ» ብላ ጀበናውን አስቀምጣ ወጣች። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ስለ ምክር አገልግሎት ስንማር የመጀመሪያው ትምህርት አስቀድሞ መስማት ነበር። ከሃያ ዓመት አገልግሎት በኋላም ይረሳል ማለት ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከእነዚህ ባልና ሚስት ጋር ብዙ ተቀምጠናል። ታሪካቸውን የምጽፈው በፈቃዳቸው ነው፤ ስማቸውንና ትምህርት ቤታቸውን ግን አልጠቅስም። በጉባኤዎቻችን ውስጥ ሕክምና የሚማሩ ልጆች እየበዙ ነው። ይህ ጥያቄ በሌላም ቤት መነሣቱ አይቀርም።

ሁለት ዶክትሬት በአንድ መንገድ

በአሜሪካ ሐኪም ለመሆን ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ አራት ዓመት የሕክምና ትምህርት ቤት አለ። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በክፍል ትምህርት፣ የኋለኞቹ ሁለት ደግሞ በሆስፒታል በበሽተኛ አልጋ አጠገብ ያልፋሉ። ኤምዲ ፒኤችዲ የሚባለው ጥምር ሥልጠና ይህን አራት ዓመት ለሁለት ከፍሎ መሐሉ ላይ የምርምር ዶክትሬት ያስገባበታል። ሁለት ዓመት ሕክምና፣ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ላቦራቶሪ፣ ከዚያ ተመልሶ ሁለት ዓመት ሆስፒታል ማለት ነው። ሲደመር ብዙዎቹ የሚጨርሱት በስምንት ዓመት ገደማ ነው። እዚያ ላይም አያበቃም። እንደ ማንኛውም ሐኪም የሬዚደንሲ ሥልጠና ይቀጥላል። የሕፃናት የልብ ሐኪም መሆን የሚፈልግ ሰው ለምሳሌ ሦስት ዓመት በሕፃናት ሕክምና፣ ሌላ ሦስት ዓመት በልብ ሕክምና ይሠለጥናል።

አብዛኞቹ ከመጀመሪያው ለሁለቱም አመልክተው ነው የሚገቡት። ይሁን እንጂ ብዙ ትምህርት ቤቶች አንደኛና ሁለተኛ ዓመት ላይ ላሉ ለራሳቸው የሕክምና ተማሪዎች ጠባብ በር ይተዋሉ። ጥሩ ውጤት ብቻውን አያስገባም። በላቦራቶሪ የሠራ፣ ሥራውን ያዩ ተመራማሪዎች ስለ እርሱ የሚጽፉለት፣ ምን መጠየቅ እንደሚፈልግ የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። ከተገባም በኋላ በሁለት ወይም በሦስት ላቦራቶሪዎች ጥቂት ጥቂት ሳምንት እየሠሩ ከየትኛው ተመራማሪ ጋር እንደሚቆዩ መምረጥ አለ። በዚህ መንገድ ያለፉ ሰዎች ይህ ምርጫ ከምርምሩ ርእስ ይበልጣል ይላሉ። አራት ዓመት የሚኖሩት ከዚያ አለቃ ጋር ነውና። እንደ ትዳር ነው ልል አሰብኩና ተውኩት፤ ትዳር በአራት ዓመት አያልቅም።

ሥልጠናው የዛሬ ፋሽን አይደለም። በኦሃዮ የሚገኘው ኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው በ1956 ነው። በ1964 ደግሞ በአጭሩ ኤንአይኤች የሚባለው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በሦስት ቦታ፣ ማለትም በአልበርት አንስታይን፣ በኖርዝዌስተርንና በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ፣ ለእንዲህ ያሉ ተማሪዎች ገንዘብ መስጠት ጀመረ። ዛሬ በዚህ ድጋፍ የሚያሠለጥኑት ትምህርት ቤቶች ከ50 በላይ ናቸው። የሥልጠናው ምክንያት ቀላል ነው። በሽተኛ የሚያየው ሰው ላቦራቶሪ የሚገባበት ጊዜ የለውም፤ ላቦራቶሪ የሚውለው ደግሞ በሽተኛ አያይም። በ1979 ጄምስ ዊንጋርደን የተባሉ ሐኪም፣ ኋላ የኤንአይኤች ዳይሬክተር የሆኑት፣ ተመራማሪ ሐኪም ዘሩ ሊጠፋ እንደተቃረበ የዱር እንስሳ እየሆነ ነው ብለው ጽፈው ነበር።

ኤንአይኤች ያለበት ከተማ ከቤታችን ሩቅ አይደለም። ስሙ ቤተዝዳ ይባላል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ ያለችው፣ በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቤተ ሳይዳ የተባለችው መጠመቂያ ስም ነው። ከተማው ስሙን ያገኘው በ1820 እዚያ ከተሠራ የፕሬስቢቴሪያን ጸሎት ቤት ነው። ባለቤቴ በዚያ በኩል ባለፍን ቁጥር ሠላሳ ስምንት ዓመት ስለጠበቀው ሰው ሳያነሣ አያልፍም።

በአንድ አልጋ የተኙ ሁለት እህትማማቾች

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋት። «አሁን አንቺ ንገሪኝ፤ እኔ እሰማለሁ» አልኳት።

ተወልዳ ያደገችው ሆሳዕና ነው። ታላቅ እህቷ በዘጠኝ ዓመቷ ጉሮሮዋን ታመመች። ቶንሲል ነው ተባለ፤ አለፈላት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ አበጡ፤ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። የሩማቲክ የልብ ሕመም ነበር። ከዚያ ወዲህ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋ ነበር። መርፌው ከተማው ውስጥ ሲጠፋ እናታቸው በአውቶቡስ አዲስ አበባ ድረስ እየሄዱ ይገዙ ነበር። ልጅቷ ለልብ ቀዶ ሕክምና ወረፋ እየጠበቀች በ17 ዓመቷ አረፈች። ይህች እህታችን ያኔ 14 ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ለአባቷ ዲቪ ደርሷቸው ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ መጣ።

«እትዬ፣ በአንድ አልጋ ነበር የምንተኛው። ጉሮሮአችንን የታመምነው በአንድ ሳምንት ነው። የእኔ ዳነ፤ የእርሷ ግን ልቧ ላይ ወጣ። ለምን?»

ኋላ አንብቤ እንደተረዳሁት ይህ የልጅ ጥያቄ ብቻ አይደለም። በሽታው ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ ከሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ተከትሎ የሚመጣ ነው። ሰውነት ባክቴሪያውን ሊዋጋ ያሰለፈው መከላከያ ዞሮ የራሱን የልብ ቫልቭ ይመታል። ለምን በአንዱ ልጅ ላይ ሆኖ በሌላው ላይ እንደማይሆን እስካሁን ተሟልቶ አልታወቀም። ለባክቴሪያውም የተፈቀደ ክትባት የለም። በሀብታሞቹ አገሮች በሽታው እጅግ ስለቀነሰ የሚመራመርበት ሰው ጥቂት ነው። በእኛ አገር ግን ዛሬም ትምህርት ቤት ሊውሉ የሚገባቸው ልጆች ልባቸው ተበላሽቶ አልጋ ላይ ይውላሉ።

በዓይን ከታየ ነገር የተነሣ ጥያቄ የት ድረስ እንደሚወስድ ለማወቅ የራሳችንን ሰው ማስታወስ ይበቃል። ዶ/ር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ዓይነት ነበሩ። እናቶቻችን ለዘመናት በእንዶድ አጥበዋል። ቀንድ አውጣው ለምን ሞተ ብለው እንዶዱን ላቦራቶሪ ያስገቡት ግን እርሳቸው ናቸው። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

እዚህ ላይ ጠያቂ ሆንኩባት። «ለምን ሕክምናውን ጨርሰሽ ከዚያ ምርምሩን አትጀምሪም?» አልኳት። ጥያቄዬ መሠረት አለው። ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን የሚባሉት አሜሪካውያን ፒኤችዲ የሌላቸው ሐኪሞች ናቸው። ጎልድስታይን በኤንአይኤች ሆስፒታል ሲሠሩ በደማቸው ውስጥ በበዛ ኮሌስትሮል ምክንያት ገና በልጅነታቸው ልባቸው የታመመ ልጆችን አይተው ነበር። ሁለቱ ጓደኛሞች ያንን ጥያቄ ተከትለው ሴል ኮሌስትሮልን ከደም የሚቀበልበትን በር አገኙ፤ በ1985 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። በክርስትና እምነታቸው በግልጽ የሚታወቁት ፍራንሲስ ኮሊንስ ደግሞ በኬሚስትሪ ፒኤችዲ ከያዙ በኋላ ነው ሕክምና ገብተው በ1977 ሐኪም የሆኑት፤ የሰውን ዘረ መል ሙሉ በሙሉ ለማንበብ የተደረገውን ትልቅ ሥራ የመሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። መሐል ላይ አንድ ዓመት ፈቃድ ወስደው ምርምር ሠርተው የሚመለሱ ተማሪዎችም አሉ።

አስባበት ነበር። «አንዱን ዓመት ብሠራ የሌላውን ሰው ጥያቄ እሠራለሁ። የራሴን ጥያቄ ለመጠየቅ መሣሪያውን በደንብ መያዝ አለብኝ። ሕክምናውን ጨርሼ ልጀምር ብል ደግሞ ያኔ ሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ሆኜ፣ የትምህርት ዕዳዬ ተቆልሎ፣ ጥሩ ደመወዝ ያለው ክሊኒክ ሲጠራኝ እምቢ የምል አይመስለኝም» አለች። ራሷን የምታውቅ ሰው ንግግር ሆኖ አገኘሁት።

«እግዚአብሔር ከተናገረ እኔ ምን እላለሁ?»

በዚያው ሰሞን ባለቤቴ ባሏን ይዞት በእግር ወጣ። ወንዶች ፊት ለፊት ከሚያወሩ ጎን ለጎን እየሄዱ ሲያወሩ ይቀናቸዋል። ሲመለስ የነገረኝ አንድ ዓረፍተ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። ልጁ፣ «ፓስተር፣ ጌታ ተናገረኝ አለችኝ። እንግዲህ እግዚአብሔር ከተናገረ እኔ ማን ነኝና እቃወማለሁ?» ብሎታል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ንግግር የማያውቅ የወንጌላውያን ቤት ያለ አይመስለኝም። እርሷ ዋሽታ አይደለም። ጾማለች፣ ጸልያለች፣ በልቧ ሰላም ተሰምቷታል። ነገር ግን ያ ቃል እራት ላይ መጀመሪያ ሲነገር የሌላው አፍ ይዘጋል። ስምንት ዓመት ከሚፈጀው መንገድ ግማሹን በትከሻው የሚሸከመው ሰው ተቃውሞው እንደ አለማመን እንዳይቆጠርበት ፈርቶ ዝም ብሎ ነበር። ዝምታውን እርሷ እሺታ አድርጋ ወሰደችው፤ እኔ ደግሞ ማድ ቤት ውስጥ ስለ ትዕቢት ስሰብክ የእርሱን ስም እንኳ አንሥቼ አልጠየቅኩም።

በሚቀጥለው ሳምንት አራታችንም ተቀመጥን። ለብዙ ደቂቃ አለቀሰች። ከዚያ ወደ እርሱ ዞራ፣ «ለእኔ፣ ለሚስትህ መልስልኝ። አንተ ምን ትፈልጋለህ?» አለችው።

አንድ ሰዓት ያህል ተናገረ። ነርስ ለመሆን ለመማር ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ሦስት ጊዜ ተወው፤ ሁሌም የእርሷ ትምህርት ይቅደም እየተባለ። እናቱ ከወላይታ ሶዶ በየሳምንቱ እየደወሉ «ዶክተሯ መቼ ነው የምትጨርሰው?» ይላሉ። የልጅ ልጅ የሚጠይቁበት ዘዴያቸው ነው። የሟች ወንድሙ ልጆች የትምህርት ክፍያ በእርሱ ላይ ነው። የሌሊት ሥራ ጨጓራውን አሳምሞታል። በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሰው በስሙ መጥራት ትቶ «የዶክተሯ ባል» እያለው ነው። «እርሷ ሁለት ጊዜ ዶክተር ስትሆን እኔ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ብቀርስ?» አለ። ይህን ሲል ወደ መሬት ነበር የሚያየው።

ይህን ሁሉ ከተናገረ በኋላ ማንም ሳይጠይቀው የጨመረው ነገር አለ። በ2024 ክረምት፣ ለማመልከት ከማሰቧ በፊት፣ እረፍቷን በአንድ ላቦራቶሪ ነበር ያሳለፈችው። «ሰባት ሳምንት ሙሉ አንድም ነገር አልተሳካላትም። የምታሳድጋቸው ሴሎች ይሞታሉ፤ እንደገና ትጀምራለች፤ ይሞታሉ። እኔ ወደ ሥራ ስወጣ እርሷ ከላቦራቶሪ ስትገባ በር ላይ እንገናኛለን። እየዘመረች ነበር የምትገባው። ፈተና አልፋ እንኳ እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም።»

እኔ በበኩሌ ከሰማሁት ማስረጃ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። ምርምር አብዛኛው ጊዜ አለመሳካት ነው። ላቦራቶሪን ስለ ስኬቱ የወደደ ሰው በሁለተኛው ዓመት ይሰበራል። ሴሎቹ በሞቱበት ማታ እየዘመረ የገባ ሰው ግን ይቆያል ብዬ አስባለሁ። ያን ያየው ደግሞ ባሏ እንጂ ኮሚቴ አይደለም።

የማድ ቤቱ ጠረጴዛ

ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው ተቀምጦ ዋጋውን እንዲያሰላ ጌታ የተናገረውን በማሰብ ወረቀትና ማሽን አወጣን። ከዚህ በታች ያለው የእነርሱ ቤት ሒሳብ ነው፤ የሌላው ቤት ይለያል።

ለሁለቱ ዓመታት የተበደረችው 120,000 ዶላር ነው። ወለዱ በዓመት 7 በመቶ ገደማ ስለሆነ 8,400 ዶላር ይሆናል። ተማሪ እስከሆነች ክፍያው ይቆይላታል፤ ወለዱ ግን አይቆምም። በሚቀጥሉት ስድስት ዓመታት 50,400 ዶላር ይጨምራል። በሌላ በኩል፣ ወደ ጥምሩ ሥልጠና ከገባች የትምህርት ክፍያዋን ፕሮግራሙ ይሸፍናል፤ ለኑሮም በዓመት 38,000 ዶላር ይሰጣታል። ለቀሩት የሕክምና ዓመታት ልትበደር የነበረውን ሌላ 120,000 ዶላር አትበደርም። ላለፉት ሁለት ዓመታት ግን ወደ ኋላ ተመልሶ የሚከፈል የለም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀምጦ «ጌታ በር ከፈተ» ይላል። እኛም ልንል ምንም አልቀረንም ነበር። ያስቆመን ባሏ ነው። ማታ ማታ የሰው መኪና የሚቆጥር ሰው ሒሳብ አይስትም። «አራት ዓመት ዘግይታ ነው ሐኪም የምትሆነው። የአራት ዓመት የሐኪም ደመወዝስ?» አለ። በአሜሪካ ብዙ የሕፃናት ሐኪሞች በዓመት ከ200,000 ዶላር በላይ ያገኛሉ። በአራት ሲባዛ፣ ግብር ሳይነሣለት፣ 800,000 ዶላር ነው። በዚያ ላይ ጊዜያቸውን ለምርምር የሚሰጡ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ክሊኒክ ከሚውሉት ያነሰ ነው የሚከፈላቸው። ኤንአይኤች በምርምር ላይ ለሚቆዩ ሐኪሞች ዕዳቸውን በዓመት እስከ 50,000 ዶላር የሚከፍልበት ፕሮግራም አለው፤ እርሱም ግን በውድድር ነው። ስለዚህ «ነጻ ትምህርት» የተባለው ነጻ አይደለም። ክፍያው የሚመጣው ኋላ ነው፤ የሚከፍሉትም ሁለቱም ናቸው።

ስለ ወረቀትም አንድ ነገር ልናገር፤ ብዙ ወጣቶቻችን ሳያውቁት ይደክማሉና። ከመንግሥት የሚመጣው የዚህ ሥልጠና ገንዘብ ለዜጎችና ግሪን ካርድ ላላቸው ብቻ ነው። በተማሪ ቪዛ ያለ ልጅ ትምህርት ቤቱ ከራሱ ገንዘብ ካልከፈለለት በሩ በጣም ይጠብበታል። እርሷ በአባቷ ዲቪ ስለመጣች ይህ አላስቸገራትም።

በጽሑፍ ጠይቂ ያልናት ነገርም ነበር። መሐል ላይ ፒኤችዲውን ትታ ወደ ሕክምናው ብትመለስ የተከፈለላትን መልሺ ትባላለች ወይ? ብትወልድ ስንት ሳምንት እረፍት ከነአበሉ ይሰጣታል? የባልና የልጅ የጤና ኢንሹራንስ ይጨምራል ወይ? አለቃዋ የምርምር ገንዘብ ቢያጣ ወይም ሌላ ዩኒቨርሲቲ ቢሄድ እርሷ ምን ትሆናለች? የመጨረሻው ጥያቄ ያኔ ለጥንቃቄ ብቻ የጠየቅነው መስሎን ነበር። በ2025 ግን ኤንአይኤች ከሰጣቸው የምርምር ድጋፎች ብዙዎቹ ተቋረጡ፤ የፒኤችዲ ተማሪዎችን ቁጥር የቀነሱ ትምህርት ቤቶችም ነበሩ። እርሷ ያመለከተችው በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ነው።

በዚያው በ2025 የወጣ ሕግ ደግሞ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ የሚበደሩ የሕክምና ተማሪዎች ከመንግሥት መውሰድ የሚችሉትን በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ላይ ገደበው። ገንዘቡ ሲጠብብ ለክፍያው ብለው ብቻ ወደ ጥምሩ ሥልጠና ማየት የሚጀምሩ ይበዛሉ ብዬ እፈራለሁ። በሽተኛ ፊት መቆም ስላስጨነቀው ወደ ላቦራቶሪ የሚሸሽ ተማሪም አለ። እርሱ ከአራት ዓመት በኋላ ያው በሽተኛ ፊት ይመለሳል፤ ያውም ብዙውን ረስቶ።

ከውሳኔው ወዲህ

ሁለት ወር ፈጀባቸው። የተስማሙበትን በወረቀት ጽፈው ፍሪጅ ላይ ለጠፉት፤ ሄጄ አይቼዋለሁ። የእርሱ ትምህርት ከእንግዲህ አይገፋም። አበሏ ሲጀምር የሌሊቱን ሥራ ይተዋል። ልጅም «ከትምህርት በኋላ» የሚለው ቀረ። በላቦራቶሪ ዓመታት ሰዓቱን ራስዋ ማመቻቸት ትችላለች፤ ሆስፒታል ስትመለስ ግን ሰዓቱ የእርሷ አይሆንም። ለእናቱ የሚላከው ገንዘብ ለሁለት ዓመት በጥቂቱ ይቀንሳል፤ የሟች ወንድሙ ልጆች የትምህርት ክፍያ ግን አይነካም። ይህን ለእናቱ የነገሩት ሁለቱም አብረው ሆነው በስልክ ነው። እናቱ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና «የልጅ ልጁ ነገር ግን ስምንት ዓመት አይጠብቅም አይደል?» ብለው ጠየቁ። አይጠብቅም ተባሉ።

መልሱ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ድረስ አልመጣም፤ ፕሮግራሙ ራሱ ስንት ተማሪ መክፈል እንደሚችል እስኪያውቅ ይጠብቅ ነበር። ተቀበሏት። በጁን 2025 የሁለተኛውን ዓመት አገር አቀፍ ፈተና አልፋ በጁላይ ላቦራቶሪ ገባች። ነጭ ካፖርቷ ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሏል። እጇ እንዳይረሳ በሳምንት አንድ ከሰዓት ክሊኒክ ትሄዳለች። አብረዋት የጀመሩት በሜይ 2027 ይመረቃሉ፤ ምረቃው ላይ ተቀምጣ ታጨበጭባለች። በ2029 ወደ ሆስፒታል ስትመለስ ከእነርሱ አንዱ ሬዚደንት ሆኖ ሊያዛት ይችላል። «ይህን ሳስብ ሆዴ ይንቦጫቦጫል፤ ጠዋት ማይክሮስኮፑ ጋ ስቀመጥ ግን ትዝ አይለኝም» ትላለች።

ሁሉ ነገር ለስላሳ አልሆነም። በኦክቶበር ሦስት ሌሊት በተከታታይ እኩለ ሌሊት ድረስ ላቦራቶሪ ቆየች። እርሱ በዚያ ሳምንት ወደ ነርስነት ትምህርት የሚያስገባውን ፈተና ያጠና ነበርና ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ ቀድዶ ጣለው። እንደገና ቤታችን መጡ። በዚህኛው ጊዜ እኔ ብዙ አልተናገርኩም፤ ሽሮ ሠራሁና ሲጨቃጨቁ አብሬ በላሁ። ማታውን አዲስ ወረቀት ጻፉ፤ በእርሷ እጅ ጽሕፈት፣ እርሱ እየነገራት። እርሱም በጃንዋሪ 2026 በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የነርስነት ትምህርቱን ጀመረ።

ባለፈው እሑድ እርሷ ከላቦራቶሪው መውጣት አልቻለችም። በየጥቂት ሰዓቱ የሚታይ ነገር ነበራት። እርሱ ብቻውን መጣ፤ ቦርሳው ውስጥ ወፍራም የአናቶሚ መጽሐፍ ይዟል። ቡና ላይ ከጎኑ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ በፍቅር ነው፣ «ዶክተሯ መቼ ነው የምትጨርሰው፣ ልጄ?» ብለው ጠየቁት። እኔ ከማድ ቤት ሆኜ ጆሮዬ ቆመ።

«በ2031፣ እማማ» አለ።

እማማ በጣታቸው ቆጠሩ። «ታዲያ እኔ ያኔ ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው» አሉና ስኒውን አቀበሉት።